የፊልም ማጠቢያ ታንክን የሚያሽከረክር ባለ ሞተር ሮለር በቤት ውስጥ አሠራር

ጆቦ 1520 የምትባለውን የፊልም ማጠቢያ ታንክ አገላብጣችሁ ብታዩ ገላዋ ላይ ሁለት ቁጥር ታገኛላችሁ። ቆማ በእጅ እየተገለበጠች ስትሠራ 485 ሚሊ ሊትር ኬሚካል ትጠይቃለች። ተኝታ እየተሽከረከረች ከሆነ 240 ይበቃታል። ታንኪቱ ያችው ናት፣ ሁለቱ ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልሞችም እነዚያው ናቸው። ኬሚካሉ ግን በግማሽ ቀነሰ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ታንክ ሲቆም ኬሚካሉ ፊልሙን እስከ አናቱ መሸፈን አለበት። ሲተኛ ደግሞ ከታች ትንሽ ኩሬ ይሠራል። ፊልሙ በየዙሩ በኩሬው ውስጥ እየገባ ይወጣል።

ጎንደር ላይ ፊልም ለሚያጥብ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዲቨሎፐር (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል) እና ፊክሰር (ምስሉን የሚያጸናው) ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ነው የሚገኙት። ውሃውንም ታውቁታላችሁ፣ በወረፋ ነው። ጥምቀትን ፋሲለደስ መዋኛ ሲያነሳ ውሎ በርከት ያለ ጥቅል ይዞ የገባ ሰው ኬሚካሉን በጠብታ ቢቆጥር አይፈረድበትም።

የፋብሪካው ሮለር አለ። ጆቦ፣ ዩኒከለር፣ ቤስለር የሚባሉት የታወቁ ናቸው። እዚህ ድረስ ማስመጣቱ ግን ጣጣው ብዙ ነው። ደግሞስ ነገሩ ሁለት ሮለርና አንድ ሞተር አይደል?

ብዙ ሰው ይህን ሲያስብ ሐሳቡ ሁሉ ሞተሩ ላይ ነው። ሞተሩ ቀላሉ ክፍል ነው። ጉዳዩ ያለው ልኩ ላይ ነው። ሮለሮቹ ጎን ለጎን እኩል መሄድ አለባቸው። መሠረቱ ውሃ ልኩን መጠበቅ አለበት። ዙሩም ወዲህም ወዲያም መሆን አለበት። እነዚህ ከተሟሉ የፈለጋችሁት ዘገምተኛ ሞተር ይሠራል። ካልተሟሉ የጀርመን ሞተርም አያድናችሁም።

መጀመሪያ ሒሳቡ

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የታንካችሁን ውፍረት ከዳር እስከ ዳር ለኩ። ክዳኑን ሳይሆን ገላውን። ለምሳሌ 10 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል።

ቀመሩ አንድ ነው፦ የሞተሩን ዙር በሮለሩ ውፍረት አባዙ፣ ለታንኩ ውፍረት አካፍሉ። የሚወጣው ታንኩ በደቂቃ የሚዞረው ዙር ነው። ቤት ለሚሠራ ዕቃ በደቂቃ ከ20 እስከ 40 ዙር ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ የፋብሪካዎቹ ይሄዳሉ፣ ግን ታንኩ መዝለልና ዲቨሎፐሩ አረፋ ማውጣት ከጀመረ ፍጥነቱ ጥቅም የለውም።

ለሞተር የምመክረው የመኪና ዝናብ መጥረጊያ ሞተር ነው። 12 ቮልት ነው፣ ጉልበት አለው፣ በውስጡ ማርሽ ስላለው ዝግ ብሎ ይዞራል። ብዙዎቹ በዝቅተኛው ፍጥነት በደቂቃ 45፣ በከፍተኛው 65 ዙር አካባቢ ናቸው። ሮለሩን ከ50 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ የፍሳሽ ቱቦ ብትሠሩት፣ 45 በ50 ተባዝቶ ለ100 ሲካፈል 22 ዙር ተኩል ይመጣል። በከፍተኛው ፍጥነት 32 ተኩል ይሆናል። ሁለቱም ተስማሚ ናቸው። ፑሌጃና ቺንጊያ ሳይገባበት ሞተሩን ቀጥታ ከሮለሩ ጋር ማገናኘት ይቻላል ማለት ነው።

የማይክሮዌቭ ሳህን የምታዞረዋን ትንሽ ሞተር የሚያስብ ሰው አይጠፋም። ተዉት። በደቂቃ አምስት ስድስት ዙር ነው የምትዞረው፣ ስትነሳ ወደየት እንደምትዞር አይታወቅም፣ ብዙ ጊዜም በ220 ቮልት ነው የምትሠራው። እርጥብ እጅ ባለበት ጠረጴዛ ላይ 220 አይቀመጥም።

ዕቃው ከየት ይመጣል?

ሞተሩን ከአሮጌ መኪና ዕቃ ሻጭ ወይም ከጋራዥ ጠይቁ። ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው በባትሪ አስሞክሩ። አንዳንዱ፣ በተለይ ትንንሹ፣ ዘንጉ ራሱ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል እንጂ ሙሉ ዙር አይዞርም። እሱ አይሆናችሁም። ሙሉ ዙር የሚዞረውን ያዙ። ከዚያ ገመዶቹን አቀያይራችሁ በተቃራኒው መዞሩንም እዩ። ሞተሩ ብዙ ገመድ ሊኖረው ይችላል። ሻጩ ፊት በባትሪ እየነካችሁ ዘገም ብሎ የሚያዞሩትን ሁለቱን ለዩና ምልክት አድርጉባቸው።

የቀረውን አራዳም ሆነ ቅዳሜ ገበያ ዞር ዞር ብትሉ ታገኙታላችሁ። ግማሽ ሜትር ባለ 50 ሚሊ ሜትር ቱቦ፣ አንድ ሜትር ሙሉ ጥርስ ያለው ባለ 8 ሚሊ ሜትር ዘንግ፣ ዳዶና ሮንዴላ በርከት አድርጋችሁ። 608 የሚባለው ኩሽኔታ አራት። ይህ የሮለር ስኬት ጫማ ኩሽኔታ ነው፤ ቀዳዳው 8፣ የውጭ ውፍረቱ 22፣ ጥልቀቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው። 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ከአናጺ ቤት ቁራጭ ይበቃል። ከጎሚስታ ደግሞ የተጣለ የብስክሌት ከመነዳሪ ለምኑ። ጠፍጣፋ ስፋቱ ስድስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። ቱቦው ላይ ተለጥጦ መግባት አለበት፣ የሚንገዋለል ከሆነ አይረባም።

ሮለሮቹ

ቱቦውን በሰጌቶ ሁለት ቦታ፣ እያንዳንዱን 22 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ። ዘንጉን ደግሞ ሁለት ባለ 40 ሳንቲ ሜትር። የሞተር በኩሉን ትንሽ አስረዝሙት።

አሁን ዘንጉን ከቱቦው እምብርት ላይ ማቆም አለባችሁ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ቸኩሎ የሚያበላሸው። ዘንጉ ከመሃል ሁለት ሚሊ ሜትር ከሸሸ ታንኩ በየዙሩ ይነጥራል። መፍትሔው አናጺዎች የበር ቁልፍ የሚበሱበት ክብ መብሻ ነው። ቀዳዳውን ሳይሆን ከቀዳዳው የሚወጣውን ክብ እንጨት ነው የምንፈልገው። መሃሉ ላይ መብሻው ራሱ የሠራው ቀዳዳ አለ፣ ስለዚህ እምብርቱ ትክክል ነው። ለቱቦው ውስጥ የሚመጥን መጠን መርጣችሁ አራት ክብ አውጡ፣ የመሃል ቀዳዳውን ወደ 8 ሚሊ ሜትር አስፉት። ክቡ ለቱቦው ትንሽ ቢሰፋ በአሸዋ ወረቀት ልጡት፣ ቢጠብ ኤሌክትሪክ ቴፕ ጠምጥሙበት። ቶርኖ ቤት የምታውቁት ሰው ካለ ከፕላስቲክ ያወጣላችኋል፣ ግን ግድ አይደለም።

ክቦቹን ዘንጉ ላይ በዳዶና ሮንዴላ ከሁለት በኩል አጥብቁ። ከዚያ ቱቦውን ከላይ አልብሱና ከጎን በትንንሽ ብሎን ያዙት።

ቱቦው ዘንጉ መሃል ላይ እንዳይሆን። ከሞተሩ በኩል አንድ ሳንቲ ሜትር፣ ከሌላው በኩል ስምንት ሳንቲ ሜትር ባዶ ዘንግ ይቅር። ለምን? የፓተርሰን ዓይነት ታንክ ክዳኑ ከገላው ይሰፋል። ክዳኑ ቱቦው ላይ ከወጣ ታንኩ ያዘነብላል። ባዶው ዘንግ ቀጭን ስለሆነ ክዳኑ ሳይነካው በላዩ ይዞራል።

ከመነዳሪውን ሦስት ሦስት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀለበት አድርጋችሁ በመቀስ ቁረጡ። ለእያንዳንዱ ሮለር ሁለት ሁለት ያስፈልጋል፣ አንድ ከዚህ ጫፍ፣ አንድ ከዚያ ጫፍ። ሳሙና ውሃ ቀብታችሁ ሳቡት፣ ይገባል። ሲደርቅ ይይዛል። ነፋሻው ያለበትን አካባቢና የተጣፈ ቦታ አትጠቀሙ፣ እብጠት ይሆንባችኋል። አራቱም ቀለበቶች ከአንድ ከመነዳሪ ይውጡ፣ ውፍረታቸው አንድ እንዲሆን።

መሠረቱና ጎኖቹ

በሁለቱ ሮለሮች እምብርት መካከል ያለው ርቀት የታንኩ ውፍረት ግማሽና የሮለሩ ውፍረት ግማሽ ድምር ነው። በምሳሌያችን 50 ሲደመር 25፣ 75 ሚሊ ሜትር። የሦስቱ እምብርቶች እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። ከዚህ ካጠበባችሁት ታንኩ ከሮለሮቹ አናት ላይ ይቆምና ለመውደቅ ይቀለዋል። በጣም ካሰፋችሁት ይሰምጥና ሮለሮቹን ይጨቁናል።

ሁለቱን የጎን ሳንቃዎች አንድ ላይ ደርባችሁ በሞርሳ እሰሩና የዘንጉን ቀዳዳ በ12 ሚሊ ሜትር መብሻ በአንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ብሱ። ለየብቻ ከበሳችሁ መቼም አይገጥምም። ከዚያ ለያይታችሁ፣ ከውስጥ በኩል በ22 ሚሊ ሜትር መብሻ ሰባት ሚሊ ሜትር ብቻ አጥልቁ። ኩሽኔታው እዚያ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል። የሳንቃው አናት ከዘንጉ እምብርት ሁለት ሳንቲ ሜትር በላይ አይለፍ። በክዳኑ በኩል ያለው ሳንቃ ከክዳኑ ራቅ ማለቱን አረጋግጡ።

ጎኖቹን መሠረቱ ላይ በቪቴ ስታስሩ አንዱን አጥብቁ፣ ሌላውን ላላ አድርጋችሁ ተዉ። ሮለሮቹን ግጠሙ። አሁን ሜትር አውጡና ከአንዱ ሮለር ግራ ጫፍ እስከ ሌላው ሮለር ቀኝ ጫፍ በሰያፍ ለኩ። በተቃራኒው ሰያፍም ድገሙት። ሁለቱ ልኮች እኩል እስኪሆኑ ላላውን ሳንቃ ግፉት፣ ከዚያ አጥብቁ። ይህን የዘለለ ሰው ታንኩ እየዞረ ወደ አንድ ጎን ሲሄድበት፣ ቀስ ብሎ ሄዶ ሲወድቅ ያያል። እንዲያም ሆኖ በሞተሩ በኩል ታንኩ ቢሄድ የሚያቆመው ለስላሳ ነገር አኑሩ፤ አምስተኛ ኩሽኔታ ካላችሁ ትንሽ እንጨት ላይ አስራችሁ የታንኩ ቂጥ እንዲደገፍበት ማድረግ ነው።

እግሮቹ ሦስት ይሁኑ። አራት እግር ይንገዳገዳል፣ ሦስት ግን በማንኛውም ጠረጴዛ ላይ ይቆማል። ሦስት ረዘም ያሉ ብሎኖች ከመሠረቱ በታች ከገቡ እያዞራችሁ ከፍና ዝቅ ታደርጉታላችሁ።

ውሃ ልኩን ለማየት የግንበኛ ውሃ ልክ ካለ ጥሩ። ከሌለ ገላው ለስላሳ የሆነ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ሻይ ጨምሩና ሮለሮቹ ላይ አስተኙት። ሻዩ በጠርሙሱ ርዝመት ከዳር እስከ ዳር እኩል ከፍታ ይዞ ከተኛ ተስተካክሏል። ወደ አንድ ጫፍ ከወፈረ ያንን በኩል ከፍ አድርጉ። የኬሚካሉ መጠን ባነሰ ቁጥር ይህ ይከብዳል። 140 ሚሊ ሊትር ያለባት ትንሽ ታንክ ትንሽ ካዘነበለች፣ ከላይኛው ጫፍ ያለው የፊልም ጠርዝ ኬሚካሉን በደንብ አያገኝም። ሥራ በጀመራችሁ ቁጥር፣ ጠረጴዛ በቀየራችሁ ቁጥር ይታይ።

ሞተሩን ማገናኘት

ሞተሩን ከላሜራ በታጠፈ መያዣ ወይም በእንጨት ጉማጅ፣ ዘንጉ ከሮለሩ ዘንግ ጋር በአንድ ቀጥታ መስመር እንዲሆን አድርጋችሁ እሰሩ። ሁለቱን ዘንጎች በብረት ለማጋጠም አትድከሙ። አምስት ሳንቲ ሜትር የሚሆን ወፍራም የነዳጅ ጎማ ቱቦ በሁለቱ ጫፍ ላይ አልብሱና በፋሼታ አጥብቁ። ጎማው ትንሽ መዛነፍን ይችላል፣ ድምፁንም ያበርዳል። የሚዞረው አንዱ ሮለር ብቻ ነው። ሌላው ታንኩ እየጎተተው ይዞራል።

ኃይሉ ከ12 ቮልት ባትሪ ቢሆን ደስ ይለኛል። የሞተር ሳይክል ባትሪ ለአንድ ማጠቢያ ከበቂ በላይ ነው፣ መብራት ሲሄድም ሥራው አይቋረጥም። ዲቨሎፐር ታንክ ውስጥ እያለ መብራት መሄድ የሚያስከትለውን መናገር አያስፈልግም። ባትሪ ካልተገኘ የአሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ይሠራል። ቢጫው ገመድ 12 ቮልት፣ ጥቁሩ ኔጌቲቭ ነው። እንዲነሳ አረንጓዴውን ከአንዱ ጥቁር ጋር ማገናኘት ነው። ሳጥኑ ግን ከጠረጴዛው ርቆ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይቀመጥ። በፖዘቲቩ መስመር ላይ ቫልቮላ አስገቡ፣ 5 ወይም 10 አምፔር።

የዙር መቀየሪያው ባለ ስድስት እግር ማብሪያ ነው፣ መሃሉ ላይ የሚጠፋ ዓይነት። የመሃሎቹን ሁለት እግሮች ከሞተሩ ጋር አገናኙ። የአንዱን ጫፍ ሁለት እግሮች ከባትሪው ጋር። ከእነዚያ ደግሞ ሁለት ገመድ ወደ ሌላኛው ጫፍ አጠላልፋችሁ ውሰዱ፣ የግራው ወደ ቀኝ፣ የቀኙ ወደ ግራ። ማብሪያው ወዲያ ሲል ሞተሩ ወደፊት፣ ወዲህ ሲል ወደኋላ ይዞራል፣ መሃል ላይ ይቆማል። የብዙ መኪና ሞተሮች ገላ ከኔጌቲቩ ጋር የተገናኘ ስለሆነ ሞተሩ እንጨት ላይ ይሁን፣ ከሌላ ብረት ጋር አይነካካ።

ዙሩን መቀየር ለምን አስፈለገ? ወደ አንድ ወገን ብቻ ሲዞር ፈሳሹ በሪሉ (ፊልሙ በሚጠቀለልበት) እና በፊልሙ ቀዳዳዎች መካከል ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ይፈሳል፣ መስመር ይተዋል። ቡና የሚቆላ ሰው ፍሬውን ወዲያም ወዲህም ይለዋል እንጂ ወደ አንድ ጎን ብቻ አይገፋም፤ ያው ነው። በየ15 ወይም 20 ሰከንዱ ቀይሩ። ስትቀይሩ መሃል ላይ አንድ ሰከንድ አቁሙ፣ እየዞረ ያለን ሞተር በአንዴ መገልበጥ ቫልቮላ ያቃጥላል። ራሱ የሚቀይር ታይመር ሪሌይ መግጠም ይቻላል። እኔ በእጅ የሚቀየረውን እመርጣለሁ። ሰዓት እየቆጠራችሁ እዚያው መቆማችሁ መቼም አይቀርም። ማብሪያ ያጣ ሰው ደግሞ፣ ክዳኑ ከገላው የማይሰፋ ታንክ ከሆነ፣ ታንኩን አንስቶ ጫፉን ገልብጦ ቢያስተኛው ውጤቱ ያው ነው፣ በየደቂቃው እንዲህ ቢያደርግ ይበቃዋል።

በውሃ መሞከር

ፊልም ሳታስገቡ ታንኩን ሪሉን ከነማዕከሉ አስገብታችሁ በ300 ሚሊ ሊትር ውሃ ሩብ ሰዓት አሽከርክሩት። ገላው ላይ ነጭ ቴፕ ለጥፉና ዙሩን ለግማሽ ደቂቃ ቆጥራችሁ እጥፍ አድርጉት። ከክዳኑ ስር ጋዜጣ አንጥፉ፣ አንዲት ጠብታ ከወጣች ይታያል። የፓተርሰን ክዳን ስትዘጉ መሃሉን በአውራ ጣት ጫን አድርጋችሁ አየር አስወጡ፣ ታንኩ በደንብ ይታሸጋል። ሪሎቹ ማዕከሉ ላይ እንዳይንሸራተቱ ማቆያ ቀለበቷን አትርሱ።

የማጠቢያው ጊዜ ይቀየራል

ፊልሙ ያለ ዕረፍት ስለሚነካካ ዲቨሎፐሩ ይፈጥናል። ለእጅ ማገላበጥ ከተጻፈው ጊዜ እስከ 15 በመቶ ቀንሱ። ኢልፎርድ ኤችፒ5 ፕላስ ፊልም በአይዲ-11 ዲቨሎፐር አንድ ለአንድ (በእኩል ውሃ ተበርዞ) በ20 ዲግሪ 13 ደቂቃ ነው የሚሰጠው። በሮለር 11 ደቂቃ ይሆናል። ሳይበረዝ 7 ደቂቃ ተኩል ነው። ከዚያ ሲቀነስ በጣም ስለሚያጥር፣ መክፈቻና መዝጊያው ራሱ ጊዜውን ያዛባዋል። አንድ ለአንዱ ይሻላል።

ስለ ቁጠባው ግን አንድ ነገር ልበል። ታንኩ 240 ይበቃኛል ማለቱ ፊልሙን የሚያጥበው ዲቨሎፐር በቂ ነው ማለት አይደለም። ኮዳክ ዲ-76 የሚባለውን ዲቨሎፐሩን አንድ ለአንድ ሲያስቀምጥ ለአንድ ባለ 36 ፊልም 473 ሚሊ ሊትር ይላል፣ በግማሹ ከሠራችሁ ጊዜውን 10 በመቶ ጨምሩ ይላል። ስለዚህ የበረዛችሁት ዲቨሎፐር ላይ ብዙ አትሰስቱ። ቁጠባው የሚታየው ባልተበረዘ ዲቨሎፐርና በፊክሰር ላይ ነው።

የጎንደር አየር ለጥቁርና ነጭ ፊልም ይመቻል። ቤት ውስጥ ያደረ የጀሪካን ውሃ ብዙ ጊዜ ለ20 ዲግሪ ቅርብ ነው። በክረምት ትንሽ ሞቅ ማድረግ፣ በመጋቢትና ሚያዝያ ማቀዝቀዝ ሊያስፈልግ ይችላል። ሲ-41 የሚባለው የባለ ቀለም ፊልም አጣጠብ ሌላ ጉዳይ ነው። ዲቨሎፐሩ 38 ዲግሪ ላይ 3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ይፈልጋል፣ መዛነፍ አይወድም። ታንኩ አየር ላይ ሲሽከረከር ይቀዘቅዛል። ለዚያ ሮለሮቹ የሞቀ ውሃ ያለበት ገበታ ውስጥ የሚቀመጡበት ሌላ አሠራር ያስፈልጋል። ይህን ዕቃ ለጥቁርና ነጩ አቆዩት።

ፊልሙን ለማለቅለቅ ቧንቧ ከፍቶ መተው አያስፈልግም። ኢልፎርድ የሚመክረው ዘዴ ታንኩን በውሃ ሞልቶ 5 ጊዜ፣ ቀይሮ 10 ጊዜ፣ ቀይሮ 20 ጊዜ ማገላበጥ ነው። ይህን በእጅ አድርጉት፣ ሮለሩ ይረፍ። ያገለገለውን ፊክሰር ወደ ቀሃ ወይም አንገረብ የሚወርድ ቦይ ውስጥ አታፍስሱ፣ ብር አለበት። በፕላስቲክ ባልዲ የብረት ሽቦ ድስት መፈግፈጊያ ጨምራችሁ ብታሳድሩት ብሩ ሽቦው ላይ ይቀመጣል።

ነገር ሲበላሽ

ፊልሙ በአንድ ጠርዝ ርዝመቱን ሙሉ ፈዞ ከወጣ ውሃ ልኩ ነው፣ ሌላ አትፈልጉ። ከፊልሙ ቀዳዳዎች ጀምሮ ወደ ምስሉ የሚገባ ጠቆር ያለ ጭረት ካያችሁ ዙሩን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፣ ፍጥነቱንም ቀንሱ። ክብ ክብ ነጠብጣብ አረፋ ነው። ታንኩ ቆሞ ሞተሩ ብቻ የሚዞር ከሆነ ከመነዳሪው ላይ ፊክሰር ደርቆ አንሸራቷል።

ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው። በጨረሳችሁ ቁጥር የጎማ ቀለበቶቹን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ፊክሰር ዘንጉንም ያዝጋል፣ እሱንም ወልውሉት። ኩሽኔታው መጮህ ሲጀምር የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ሁለት ጠብታ ይበቃዋል፤ ቀለበቶቹን ግን ዘይት እንዳይነካቸው።